የእድሩ ኮምፒውተር ላይ ፓይተን የቀየርኩ ቀን

እድሩ እኔን የፈለገኝ ደረጃ ስለሚያደክም ነው። ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም፣ አልዋሽም።

ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራት ፎቅ ወደ ላይ ነው፣ ሊፍት የሚባል ነገር የለም። ድሮ ሰው ሲሞት ለፋፊው ጥሩምባቸውን ይዘው በየብሎኩ ስር ይዞሩ ነበር። ታች ያለው ይሰማል። አራተኛ ፎቅ ላይ ቴሌቪዥን ከፍቶ የተቀመጠው ምን ይሰማል? ቀብር ቀርቶ ሲቀጣ "አልሰማሁም" ይላል፣ ጭቅጭቅ ይነሳል። ስለዚህ ሽማግሌው ደረጃውን መውጣት ጀመሩ። እሳቸው የዚሁ መሬት ሰው ናቸው፤ ኮንዶሚኒየሙ ሳይኖር እዚህ ጤፍና ሽንብራ የሚያርስ ቤተሰብ ልጅ። ጉልበታቸው እርሻውን ችሎ ኮንዶሚኒየሙን አልቻለም። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለቱም ጉልበቶቻቸው ሄዱ።

ያኔ የእድሩ ዳኛ እናቴን መንገድ ላይ አገኟት። "ያ ልጅሽ ኮምፒውተር ላይ ተጥዶ ይውላል ይባላል፣ እስቲ ለሰው የሚጠቅም ነገር ይስራበት" አሏት። የሚገርመው ኮምፒውተር የለኝም። የምጣደው የሰው ላይ ነው።

ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ አቁሜያለሁ። ለምን ለሚለኝ ሰው በየጊዜው የተለየ መልስ አለኝ። እውነቱ ግን ከአንድ አስተማሪ ጋር ተጣላሁ፣ ይቅርታ ጠይቅ አሉኝ፣ አልጠይቅም አልኩ። በቃ። ይቅርታ መጠየቅ የሚያንቀኝ ሰው ነኝ። ይሄን አሁን የምናገረው ጠባዬ እንዲወደድልኝ አይደለም፤ የኋላው ነገር ሁሉ የመጣው ከዚህ ስለሆነ ነው።

ነዋሪው ድግስና ስብሰባ የሚያደርግበት ኮሚናል የምንለው የጋራ ቤት አለን። ከኋላው ባለች ክፍል የእድሩ እቃ ይቀመጣል፦ ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስት። እዚያ መሃል አንድ አባል መስሪያ ቤቱ ሲያስወግድ ያመጣው አሮጌ ኮምፒውተር ነበር። ዊንዶውስ አልሸከም ስላለ ሊኑክስ ጫንኩበት። ከዚያ አንዲት አጭር ፕሮግራም ፃፍኩ። ሟች ማን ናቸው፣ የት ብሎክ፣ ቀብር የት፣ በስንት ሰዓት ብለህ ትሞላለህ፤ ከጎን የተሰካው ሲም ካርድ ያለው ዶንግል ለአባል በሙሉ መልእክት ይልካል። መጀመሪያ ቀን ስሞክረው የሁሉም ስልክ በአንዴ ጮኸ፣ ዳኛው ከደስታ ብዛት ትከሻዬን መቱኝ። ለፋፊውን እቃ ጠባቂ አደረጓቸው። ለእኔ ደግሞ የክፍሉ ቁልፍ ተሰጠኝ። በሕይወቴ ከቁልፉ የሚበልጥ ሹመት አግኝቼ አላውቅም።

ፕሮግራሟ የተፃፈችው በፓይተን ነው። ፓይተን ቋንቋ ነው፤ አንተ የፃፍከውን ለኮምፒውተሩ የሚያስረዳ አስተርጓሚ ደግሞ ማሽኑ ላይ ይጫናል። እንደ ማንኛውም ነገር አሮጌና አዲስ አለው። የኛው አሮጌ ነበር። ለእድሩ ግን በቂ ነው፣ ሰው የሚሞተው በድሮው ዓይነት ነው።

ለኔ ነው ያልበቃኝ። ቦሌ ያለ አንድ ድርጅት ፕሮግራም ፀሃፊ ይፈልጋል፣ ዲግሪ አይጠይቅም፣ ፈተና ብቻ። "ዲግሪ አይጠይቅም" የሚል ማስታወቂያ ካየሁ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ፈተናው በኢንተርኔት የምትሰራው ነው፣ ሶስት ቀን ሰጡኝ። ሁለቱን ቀን መብራት በላው። በሶስተኛው ቀን ጠዋት መብራት መጣ፤ ኮሚናል ሄጄ ስከፍተው "ያንተ ፓይተን አሮጌ ነው፣ አሳድገህ ተመለስ" አለኝ። ፈተናው የሚዘጋው በዚያው ቀን አስር ሰዓት ነው። ገና ሶስት ሰዓት ነበር። ጊዜ ሞልቶኛል አልኩ።

አዲሱን አወረድኩ። እዚያው ማሽኑ ላይ ተዘጋጅቶ እንዲጫን ለቀቅኩት። መሃል ላይ "ቦታ የለም" ብሎ ቆመ። ዲስኩ ለምን እንደሞላ አውቃለሁ፤ የዳኛው ልጅ የሰርግ ቪዲዮ ግማሹን ይዞታል፣ "እንዳትነካው፣ ሌላ ቅጂ የለንም" ተብያለሁ። እና ምን አጠፋለሁ? አሮጌውን ፓይተን።

እኔ ጀሞ ያደግኩ ሰው ነኝ። የማውቀው ተከራይ ሲቀየር ነው። አዲሱ ፍራሹን ተሸክሞ በር ላይ ሲቆም አሮጌው ይወጣል፣ ስቱዲዮ ቤት ሁለት ተከራይ አይይዝም። ከልጅነቴ ጀምሮ በረንዳ ላይ ሆኜ ይሄን ስመለከት ኖሬያለሁ። አሮጌው ተከራይ ቤቱን ራሱን ተሸክሞ የቆመ ሊሆን ይችላል ብሎ ማን ያስባል? ሊኑክስ ግን እንደዚያ ነው። ስንት ነገሩ በዚያ በአሮጌው ላይ ተደግፎ ነው የሚሰራው፤ ኔትወርኩ፣ ስክሪኑ ላይ የሚከፈተው መስኮት፣ አዲስ ነገር የሚጭነው ዕቃ ራሱ። አጥፋ ስትለው አብሮ የሚጠፋውን ሁሉ በዝርዝር ይነግርሃል። ነገረኝ። ዝርዝሩ ስክሪኑን ሞልቶ ወደ ላይ ፈሰሰ። መጨረሻ ላይ "ልቀጥል?" አለ። አዎ አልኩ። አላነበብኩትም። እዚህ ሀገር ማን ውል አንብቦ ይፈርማል?

ጠራርጎ ወጣ። አዲሱ በሰላም ገባ። ቁጥሩን ጠየቅኩት፣ አዲሱን ቁጥር ነገረኝ። ለአምስት ደቂቃ ያህል ትልቅ ሰው ነበርኩ።

ከዚያ ወደ ፈተናው ልመለስ ስል ኢንተርኔት የለም። አጥፍቼ አበራሁት፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ፅሁፍ ብቻ ይዞ ቀረ። የጠፋውን ልመልስ ስል ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ኢንተርኔቱን ልመልስ ስል የጠፋውን ይፈልጋል።

እዚያ ላይ እያለሁ ስልኬ ጮኸ። ዳኛው ናቸው።

"አለህ?"

"አለሁ ጋሼ።"

"የብሎክ አስራ ሰባት እናት አርፈዋል፣ ምድር ቤት ያሉት። ተኝተው ነው የቀሩት። ቀብር ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ብስራተ ገብርኤል። ቶሎ ላከው፤ ሰዉ ከመስሪያ ቤቱ ፈቃድ ይጠይቅ፣ እንዳይረፍድበት።"

"እሺ ጋሼ።"

አራት ሰዓት ነበር።

ስለ እሳቸው ልናገር። መሃል ከተማ ሰፈራቸው ሲፈርስ ከአንዲት ሴት ልጃቸው ጋር ወደዚህ የመጡ ናቸው። ጀሞ ውስጥ ሰው ሞቶ እሳቸው የቀሩበት ቀብር የለም። ለማያውቁት ሰው ሁሉ ይሄዳሉ፤ ድንኳን ሲተከል ይደርሳሉ፣ ድንኳን ሲነቀል ይወጣሉ። አባቴ ሲሞት ሶስት ቀን ሙሉ ሻይ ሲቀዱ የነበሩት እሳቸው ናቸው። አንዴ እናቴ "አረፍ ይበሉ እንጂ" ብትላቸው "ነገ ለኔም ይመጣሉ፣ ተይኝ" አሏት። ብድር በምድር ነው ብለው የሚያምኑ ሰው ነበሩ። በዚያን ቀን ደግሞ ያ ሁሉ ብድር የሚመለሰው በኔ በኩል ነበር።

ፕሮግራሟን ከፈትኩ። አልሰራችም። ዶንግሉን የሚያናግርላት ክፍል ከአሮጌው ጋር ተጠራርጎ ሄዷል። እንደገና ልጫን፣ በምን? በስልኬ ኢንተርኔት ገባሁ። ከኔ በፊት ይሄንኑ ጥፋት የሰራ ሞልቷል። መልሱ አንድ ነው፦ አሮጌውን በፍፁም አታጥፋ። እሺ፣ ካጠፋሁስ? እንደገና ሙሉውን ጫን። በምን ፍላሽ? ፍላሹ ላፍቶ የሚኖር ጓደኛዬ ጋ ነው፣ እሱ ደግሞ ስራ ላይ ነው፣ ማታ ነው የሚመጣው።

አምስት ሰዓት ላይ ዳኛው ደግመው ደወሉ።

"ላክህ?"

"ልኬያለሁ።"

እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም ብል ይቀለኝ ነበር። አውቃለሁ። "አበላሸሁት" ማለት ይቅርታ ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ አንድ ሰዓት ስጡኝ አስተካክለዋለሁ፣ ማንም ሳያውቅ ያልፋል ብዬ ነው። አንድ ሰዓት ሁለት ሆነ።

ለፋፊው ድንኳኑን ለሚተክሉት ልጆች ሊያወጡ መጡ። ካስማውን እየቆጠሩ በጎን ያዩኛል። የስክሪኑን ጥቁረት አይተዋል።

"መልእክቱ ሄደ?"

"እየሄደ ነው አባባ።"

"የኔ ስልክ አልጮኸም።"

"አንዳንዱ ይዘገያል።"

ካስማውን አስቀመጡ። "ልዙር እንዴ? ጥሩምባው እኮ አለ፤ እዚሁ ከድስቱ ኋላ ነው ያለው።"

"በዚህ ጉልበትዎ?"

"ፎቅ አልወጣም። ከስር ከስር ልልፈፍ። የሰማ ላልሰማ ያሰማል።"

"ይተውት አባባ። በዚህ ዘመን በጥሩምባ? መሳቂያ ነው የምንሆነው።"

አለመናደዳቸው ነው የሚያናድደኝ። "እሺ ልጄ፣ አንተ ካልክ" ብለው ካስማውን ተሸክመው ወጡ። በሩ ላይ ጉልበታቸውን ያዝ አድርገው ደግሞ ሄዱ። ያኔ ሰባት ሰዓት አልሞላም። ቢወጡ ኖሮ ቤት ያለው ስራ ላለው እየደወለ ግማሹ ሰፈር ይሰማ ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ኪቦርዱን ገፍቼ ተነሳሁና ሮጥኩ። በር ማንኳኳት ጀመርኩ። በስራ ቀን ጀሞ ውስጥ ማን አለ? ሰዉ ጠዋት ሚኒባስ ላይ ተጭኖ ይሄዳል፣ ማታ ይመለሳል። የሚከፍቱልኝ ሰራተኞችና ህፃናት ናቸው። አንዷ "እትዬ ሲመጡ እነግራቸዋለሁ" አለችኝ። እትዬ የሚመጡት አስራ ሁለት ሰዓት ነው። ስምንት ብሎክ ዞሬ ያገኘሁት አራት ሰው ነው፣ አንዱ ጥበቃ።

ቤተክርስቲያኑ ጋ ስደርስ አስከሬኑ ከመኪና እየወረደ ነበር። ሌላ ጊዜ የእድራችን ቀብር ሲሆን መንገዱ ይዘጋል፣ ሚኒባሶች ጥሩምባ ይነፋሉ። ያን ቀን መንገዱ ክፍት ነበር። ከሃያ ሰው አንበልጥም፣ ከዚያ ውስጥ ግማሹ የእድሩ ሹሞች ናቸው። ተሸካሚ የሚቀያየር ሰው አልነበረም። ለፋፊው በዚያ ጉልበታቸው ከስር ገቡ። እኔም ከኋላቸው ገባሁ፤ ሲያነክሱ ሳጥኑ ወደሳቸው ያዘነብላል፣ እኔ ቀና አደርገዋለሁ።

ለቅሶ ተቀባይ ይፈልጋል። አንዱ ሲያወጣ ሌላው ይቀበለዋል፣ እንደዚያ ነው ሰው የሚተነፍሰው። ልጅቷ ስታወጣ የሚቀበላት የለም። ሁለት ሴቶች ናቸው ከጎኗ የነበሩት፣ እነሱም ደክሟቸዋል። "እማ፣ ሰውሽ የታለ?" አለች። "ያ ሁሉ ሰውሽ የታለ?" መሬት መሬት አየሁ።

ስለ አባላቱ ዝርዝር ደግሞ ላንሳ። ድንኳኑ ወዳለበት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ነው ትዝ ያለኝ። የአባላቱ ስምና ስልክ ያለበት ፋይል ተራ ፋይል ነበር። ያ ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ ትዕዛዝ ብፅፍ ሁሉንም ዘርግፎ ያሳየኝ ነበር። በራሴ ስልክ እየደወልኩ ለሰላሳ ሰው ብነግር ሰላሳው ለቀሪው ይነግራል። ፈፅሞ አልመጣልኝም። ቀኑን ሙሉ ማሽኑን ለማሸነፍ ስታገል ዋልኩ።

ድንኳን ውስጥ ስም ይጠራል። የእድር ደንብ ነው፣ ማን መጣ ማን ቀረ ተብሎ ይመዘገባል። እኛ ጋ በስም አይደለም፣ ብሎክና የቤት ቁጥር ነው። ተቆጣጣሪው ደብተሩን ይዞ ቆመ።

"ብሎክ አንድ፣ ቤት ሁለት።"

ዝም።

"ብሎክ አንድ፣ ቤት አምስት።"

ዝም።

"ብሎክ አንድ፣ ቤት ስድስት።"

ሰውዬው ደንቡ ደንብ ነው ብሎ እስከ ብሎክ ሰላሳ ሊሄድ ነው። አንድ ሰው እጁን ይዞ ቢያስቆመው ምን ነበረበት? ማንም አላስቆመውም፣ እኔም ጭምር። ባዶ ወንበር በረድፍ ተደርድሯል፤ ልጅቷ ፊት ለፊት ጥቁር ነጠላዋን ተከናንባ እያንዳንዱን ቁጥር ትሰማለች። ብሎክ ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ዳኛው "ይበቃል" አሉት።

ከድንኳኑ ኋላ ወሰዱኝ።

"ምን ሆነ?"

"አልላክሁም ጋሼ። ኮምፒውተሩን አበላሽቼው ነው። ዋሸሁዎት።"

"ለምን ነካካኸው?"

"ለስራ ፈተና። አዲሱን ልጭን ብዬ አሮጌውን..."

"ተው፣ ተው።" ዞር ዞር ብለው አዩ። "ይሄን ለማንም እንዳትናገር። ኔትወርክ ነው።"

"ኔትወርክ አይደለም ጋሼ።"

"አንተ ልጅ ስማኝ። አንተ ነህ ካልኩ እናትህ በየትኛው ፊቷ ከዚህ ሰፈር ሰው ጋር ትውላለች? እኔንስ ኮምፒውተር ምን ያደርግልናል ሲሉኝ አልነበር? ኔትወርክ ካልን ማንም አይጠይቅም።"

ማንም አልጠየቀም። ማታ ከስራ የተመለሰው ሰው ሁሉ እየመጣ "አልሰማንም እኮ" ሲል ዳኛው "ኔትወርክ" ይላሉ፣ ሰዉ "እህ" ብሎ ራሱን ነቅንቆ ይቀመጣል። መብራትም ቢሉት፣ ውሃም ቢሉት እንደዚያው ነው የሚነቀንቀው። ይሄ ህዝብ ለሁሉም ነገር የሚነቀንቅ አንድ ጭንቅላት አለው። አንድ ሰው ተነስቶ ቢሰድበኝ፣ አንድ ሰው ኮሌታዬን ቢይዘኝ ያን ቀን እወደው ነበር። እናቴ እንኳን "በርታ፣ ያጋጥማል" አለችኝ።

ፈተናው ተዘግቷል። በነጋታው በስልኬ ስገባ "ጊዜው አልፏል" ይላል፣ ከስሩ መልካም ዕድል ይመኛል።

የጓደኛዬን ፍላሽ አምጥቼ ኮምፒውተሩን አስተካከልኩ። አርባ ደቂቃ። አሮጌውን ፓይተን መልሼ ጫንኩ፣ ፕሮግራሟ ምንም እንዳልተፈጠረ ተነሳች። ለሙከራ ወደ ራሴ ስልክ ላክሁ። ወዲያው ጮኸ።

በስምንተኛው ቀን ብሎክ አምስት አንድ ሰውዬ ሞቱ። ሙት ወቃሽ አይደለሁም፤ ግን ሰፈሩ ያውቃል፣ በመኪና ማቆሚያ ከሁሉም ጋር የተጣሉ ናቸው። የማንንም ቀብር ረግጠው አያውቁም፣ ሲቀጡ ይከፍላሉ እንጂ። መልእክቱን ላክሁ። ደረሰ። ድንኳኑ ሞልቶ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣ እስከ ብሎክ ሰላሳ ሲጠራ "አለሁ፣ አለሁ" ይላል። የብሎክ አስራ ሰባቷ ልጅም መጣች። ጥቁር ለብሳ፣ እንደ እናቷ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ሻይ ትቀዳለች። በአንዱ ረድፍ ጨርሳ ወደሚቀጥለው ስትዞር ቆም ብላ ወንበሮቹን በሙሉ ከዳር እስከ ዳር አየቻቸው። ከዚያ መቅዳቷን ቀጠለች።

በነጋታው ሄጄ በሯን አንኳኳሁ። እድሜያችን እኩል ነው፣ ከሰላምታ ሌላ ተነጋግረን አናውቅም። እቃ ካርቶን ውስጥ እየከተተች ነበር።

"ያን ቀን ችግሩ ኔትወርክ አልነበረም" አልኳት።

"አውቃለሁ።"

"እኔ ነኝ።" ተናገርኩት። ፈተናውን፣ ፓይተኑን፣ አሮጌውን እንዳጠፋሁት፣ ልኬያለሁ ብዬ እንደዋሸሁ፣ ለፋፊውን እንደከለከልኳቸው። በሕይወቴ ይቅርታ የጠየቅኩት ያን ቀን ብቻ ነው። እንዴት እንደሚባል ስለማላውቅ "ይቅርታ አድርጊልኝ" የሚለውን ሶስቴ አልኩት።

ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። "ማን ላከህ? ጋሼ ናቸው?"

"ማንም አልላከኝም።"

"ለብሎክ አምስቱ ሰውዬ ግን መልእክቱ ደረሰ።"

"ከዚያ በኋላ ስለጠገንኩት ነው።"

"በስንት ጊዜ ጠገንከው?"

"አርባ ደቂቃ።"

ፈገግ አለች፤ ንዴት የለበትም፣ የደከመው ሰው ፈገግታ ነው። "ወንድሜ፣ አርባ ደቂቃ በሚፈጅ ነገር ሰው ያለ ሰው አይቀበርም። አሳዝኜህ ነው የመጣኸው። እግዜር ይስጥልኝ።"

"እናቴ ትሙት፣ እውነቴን ነው።"

"በእናትህ አትማል፣ እሷ እንኳን ሰው አላት።" ካርቶኑን ዘጋች። "እማ ሁሌ ይመጣሉ ትለኝ ነበር። መጀመሪያ ሰፈራችን ሲፈርስም ጎረቤቶቼ ይፈልጉኛል ስትል ነበር። ሰው የመሰላት ሰው አልነበረም። ገብቶኛል፣ አትጨነቅ።"

ተከራከርኳት። እኔ ተከራክሬ የማልረታው ሰው የለም፣ ቢያንስ አፌ አይሸነፍም። ስለ ማሽኑ ባስረዳኋት ቁጥር ይበልጥ የሚያስተባብል ሰው መሰልኩ። ከመደርደሪያው ላይ የእድር ደብተራቸውን አውርዳ ሰጠችኝ። ቤቱን ልታከራይ ነው፣ ሌላ ሰፈር ልትገባ። "ለጋሼ ስጥልኝ፣ ወጥቻለሁ በልልኝ።"

ዳኛው ደብተሩን ተቀብለው ገለጥ ገለጥ አደረጉት። አንድም ቀሪ የለበትም።

"ምን አለች?"

"ገብቶኛል ብላለች።"

"ጎሽ" አሉ። "እንግዲህ ከዝርዝሩ አውጣቸው፣ በከንቱ መልእክት እንዳይሄድ።"

ኮሚናል ገብቼ ፋይሉን ከፈትኩ። ብሎክ አስራ ሰባት የሚለውን መስመር አገኘሁት፣ አጠፋሁት። ልቀጥል ብሎ ጠየቀኝ። አነበብኩት፣ ሁለቴ። አዎ አልኩ።